እናቴ የማታውቀው ወለል

ስለ ወለል ልጽፍ ነው ስለው ባለቤቴ "ስለ ወለል ደግሞ ምን ይጻፋል?" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እኔ ግን ያ ቅዳሜ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም እንደ አዲስ ደሜ ይፈላል። በማን ላይ እንደምናደድ ቆይታችሁ ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ። መጀመሪያ ወንድሜ ላይ ነበር፣ ቀጥሎ እናቴ ላይ። አሁን ዝርዝሩ ረዝሞ ከላይ የተቀመጥኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ጽጌ እባላለሁ። አሰላ ተወልጄ፣ አሰላ አግብቼ፣ አሰላ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜ ከሰው ጋር ስጨቃጨቅ የምውል ሴት ነኝ። ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ሰው ማዘዝ እወዳለሁ። እናቴ "ይቺ ልጅ ፖሊስ ብትሆን ኖሮ አርሲ ውስጥ ሌባ አይኖርም ነበር" ትለኛለች። እናቴ ወይዘሮ ዘነበች ሰባ አራት ዓመቷ ነበር። አባቴ ከሞተ ጀምሮ፣ ከእኔ ቤት በባጃጅ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት፣ ባደግንበት ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ብቻዋን መኖሯ ለእሷ የክብር ጉዳይ ነው። ወንድሜ ዳዊት አዲስ አበባ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም አለው፤ "ነይ እኔ ጋር ኑሪ" ሲላት "እኔ ከቤቴ የምወጣው ሰው ተሸክሞኝ ነው" ብላ ትዘጋዋለች።

አባታችን ዕድሜውን የጨረሰው ጣውላ መሰንጠቂያ ውስጥ ነው። ያንን ቤት ሲሠራ ግድግዳውን በጭቃ መረገው፤ ወለሉን ግን ከዳር እስከ ዳር ዝግባ አለበሰው። ጎረቤቱ "ሰውዬው የሚረግጠውን አሳምሮ የሚደገፈውን ረሳው" ብሎ ስቆበት ነበር አሉ። ግድግዳው ሁለት ሦስቴ ተመረገ፣ ወለሉ ግን አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ጣውላ አልተቀየረበትም። ሳሎኑ ወደ ጓዳ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ብቻ አይጥ የበሳችው ቀዳዳ ነበር፤ አባቴ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ በላዩ ላይ በምስማር መታበት። ያቺ ልጥፍ ስንት ካልሲ ቀዳብኛለች። እናስነቅላት ባልኳት ቁጥር እናቴ "አባትሽ የመታውን ማን ይነቅላል" ትለኝ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያንን ወለል እጠላው ነበር። የጣውላ ወለል ባለበት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ጨርቅ በናፍጣ ነክሮ፣ ተንበርክኮ፣ ጣውላ በጣውላ ማሸት አለ። ናፍጣው ቁንጫ ያባርራል፣ ምስጥ ያርቃል፣ እንጨቱን ያወዛዋል ይባላል። ዳዊት ወንድ ነውና ውሃ ቀድቶ ይገላገላል፤ እኔ ግን ከእናቴ ጎን ጉልበቴ እስኪላጥ አሽ ነበር። ሰኞ ትምህርት ቤት ስደርስ ልጆቹ "ማደያዋ መጣች" ይሉኛል። እናቴ ስንጥሩን ከመዳፌ በመርፌ እያወጣች "ወለል በእጅ ካልታሸ አይታወቅም" ትለኝ ነበር፤ ወለል ማወቅ ደግሞ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም ነበር።

እሷ ግን በሰባ አራት ዓመቷም ተንበርክካ ታሻለች። ቤት ውስጥ የምትሄደው በባዶ እግሯ ነው፤ ጫማዋን ሁልጊዜ በር ላይ ታወልቃለች። እኛ ለወለሉ እየሳሳች ይመስለን ነበር።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ሳጉሬ ያለችው አክስቴ አስካለ የባሏን ተዝካር ልታወጣ ስለነበር እናቴ ለአሥራ ሁለት ቀን እሷ ጋር ሄደች። ዳዊት ይህን ሲሰማ ደወለልኝ። ቤቷን ሳትኖር እናድስላት፣ በዚህ ዕድሜዋ ናፍጣ እየማገች ልትሞት ነው፣ ላሚኔት የሚባለውን አዲሱን የወለል ንጣፍ እኔ አመጣለሁ፣ ድንገት ገብታ ስታየው ደስ ይበላት አለኝ። እኔም ሳላቅማማ ተስማማሁ። ዳዊት ሱቅ ውስጥ ቆሞ የናሙናዎቹን ፎቶ በስልክ ይልክልኛል፣ እኔ የመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ እመርጣለሁ። ሸካራ የሆነውን ትቼ ልሙጡን፣ ጠቆር ያለውን ትቼ ፈካ ያለውን፣ ምንም ድምፅ የለውም የተባለለትን መረጥኩ። ሻጩ ለዳዊት ውሃ አይፈራም፣ ጭረት አይይዘውም፣ በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ላስ አድርገኸው መሄድ ነው ብሎታል። እኔ የሰማሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ናፍጣ የለም።

ሥራውን የያዘው ጀማል የሚባል አናጢ ነው። ከዳዊት ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ አባቱም ከአባታችን ጋር መሰንጠቂያው ውስጥ የሠራ የሰፈራችን ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን መጥቶ ወለሉን በመዶሻው ጫፍ እየመታ ከዳር እስከ ዳር ዞረና፣ አንድም የበሰበሰ የለውም አለን። ዳዊት ያመጣውን ካርቶን ከፍቶ አንዷን ላሚኔት አጠፍ አጠፍ አደረጋት። ይሄ የታመቀ የእንጨት ዱቄት ነው፣ ከላዩ የእንጨት ፎቶ ተለጥፎበታል አለ። ደግሞ ዝም አላለም፤ አማራጭ ሰጠን።

"ካማራችሁ ከላዩ ላንጥፍላችሁ፤ ጣውላው ከሥር ይቆይ። እማማ ካልወደዱት በአንድ ቀን አነሳዋለሁ። ለመሆኑ ጠይቃችኋቸዋል?"

ዳዊት ድንገተኛ ስጦታ ተጠይቆ አይሰጥም አለ። ከላይ ከተነጠፈ በሩ አይዘጋም፣ አይጡም ከሥሩ አይጠፋም ብሎ ተከራከረ። ጀማል ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡ። ሁለት ሰዎች እኔን እየጠበቁ ነው፤ አንድ ቃል ብናገር ጣውላው ሥር ይቀራል። እኔ ግን ማደያዋ የተባልኩት ልጅ ትዝ አለችኝ።

"ንቀለው" አልኩት።

ነቀለው። ምስማሩ ሲወጣ የሚያሰማው ጩኸት መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ዳዊት ጣውላውን ወስደህ የፈለግከውን አድርግበት ብሎ ለጀማል ሰጠው፤ በጋሪ ሦስት ዙር ተመላልሶ አነሳው። ሥሩ በሲሚንቶ ተስተካከለ። ጀማል ይድረቅ፣ ጊዜ ስጡት ቢልም ዳዊት አልሰማውም። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል የሚባለው እንዲህ ነው። በአሥረኛው ቀን ስሱ ስፖንጅ ተነጥፎ ላሚኔቱ በላዩ ተገጣጠመ፣ ዳር ዳሩን የግድግዳው ግርጌ መሸፈኛ ዞኮሎ ተመታ። ሶፋውን ወደ መስኮቱ፣ ቡፌውን ወደ መታጠፊያው አዛወርነው። ቤቱ ስልክ ላይ የሚታይ ቤት መሰለ። ደስ ብሎኝ ፎቶ አነሳሁት፤ ያ ፎቶ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ፣ ላጠፋው እጄን እሰድና እተወዋለሁ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እናቴን ከመናኸሪያ ተቀበልኳት። ከሳጉሬው ሚኒባስ ጋቢና ሹፌሩ እጇን ይዞ አወረዳት። ክንዷን ያዝኩ፤ የአሮጊት ክንድ ሁሉም ሰው ይይዛልና ምንም አልጠረጠርኩም። በባጃጁ ውስጥ ስለ ተዝካሩ እያወራችልኝ ነበር። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ውጭ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ ዞሬ ነበር። ፊቴን ብታየው ኖሮ የሆነ ነገር እንደደበቅኳት ታውቅ ነበር፤ ፊቴን አላየችውም።

ቤት ውስጥ ዳዊትና ጎረቤታችን ወይዘሮ ብዙነሽ ይጠብቁናል። ዳዊት ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ ነው። እናቴ በር ላይ ደርሳ እንደ ልማዷ ጫማዋን አወለቀች። ቀኝ እግሯን ወደ ውስጥ አስገባች፣ ረገጠች፣ ከዚያ ቆመች። እግሯን አንስታ መልሳ አሳረፈችው። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ።

"የማን ቤት ነው ያመጣሽኝ?" አለች።

ዳዊት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የራስሽ ቤት ነው እማዬ፣ ግቢ አልኳትና ክንዷን ለቅቄ ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኋት። ወይዘሮ ብዙነሽ ብቻ አልሳቀችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታየን ነበር። እናቴ አንድ ሁለት ብላ ሄደች፣ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ። መታጠፊያው ጋር ስትደርስ እግሯ ወለሉ ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋል፤ ወዲህ ይዳስሳል፣ ወዲያ ይዳስሳል። አጥታው ቀጥ ብላ ቀጠለች፣ በደረቷ ቡፌውን መታችው። ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። እዚያው ቁጭ አለችና ላሚኔቱን በሁለት መዳፏ ትዳብሰው ጀመር።

አሁን የምነግራችሁን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ተናደድኩባት። አኩርፋ እየተጫወተችብን መሰለኝ። ሳንጠይቃት የአባቴን ወለል ስለነቀልን ልታሳፍረን፣ በጎረቤት ፊት ድራማ እየሠራች መሰለኝ። አሥር ቀን ሙሉ አቧራ የበላሁት ለዚህ ነው ብዬ አሰብኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ "እማዬ፣ ካልወደድሽው አልወደድኩትም በይ፤ ቲያትሩ ምንድን ነው?" አልኳት።

ቀና አለች። ወደ እኔ አይደለም፤ ወደ መጋረጃው ዞራ፣ እዚያ የቆምኩ ይመስል መጋረጃውን እያየች ተናገረችኝ።

"ጽጌ፣ ቆርቆሮዬን የት አደረጋችሁት?"

ዳዊት ስልኩን ዝቅ አደረገ። ሄጄ ከፊቷ ተንበረከክሁ፤ የስልኬን መብራት አብርቼ ዓይኖቿ ላይ ያዝኩት። ብሌናቸው አልጠበበም፣ አልሸሸም፣ ምንም አላደረገም። በቀን ስንት ሰው የዓይን ጠብታ ከእጄ ይወስዳል። ለግላኮማ ሕመምተኛ "ሳያቋርጡ ይጠቀሙ፣ የጠፋው አይመለስም" እያልኩ የምመክረው እኔ ነኝ። የእናቴን ዓይን ግን ያየሁት ያን ዕለት፣ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

ወይዘሮ ብዙነሽ ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ምስጢሩ ሁሉ ወጣ። ቀኙ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ግራው ጭስ ጭስ ሲል ቆይቶ ከጥምቀት ወዲህ ጨለመ። ወይዘሮ ብዙነሽ ታውቃለች፣ ቤተ ክርስቲያን ይዛት የምትሄደው እሷ ናት። አክስቴ አስካለ ታውቃለች። ሹፌሩ እንኳ ያውቃል። የማናውቀው ልጆቿ ብቻ ነን። በሳምንት ሁለት ቀን እሄድላት ነበር፤ መርፌ ክር አስገቢልኝ ስትለኝ እጇ የተንቀጠቀጠ፣ ስልክ ደውይልኝ ስትለኝ መነጽሯን የረሳች ይመስለኝ ነበር። በር ስከፍት ገና ሳልናገር "ጽጌ ነሽ?" ትለኛለች፤ እንዴት ታያለች እል ነበር። ለካ የምትሰማው ጣውላውን ነው። አርባ ዓመት በእጇ ያሸችው ወለል ነው፤ የትኛው የት እንደሚያቃስት ታውቃለች። ከአልጋዋ ስንት ጣውላ እንደሆነ፣ ምስማሩ ጎላ ያለው ጋ በሩ እንዳለ፣ ቆርቆሮዋ ከእግሯ ሥር ስትቀዘቅዝ ወደ ጓዳ እንደሚታጠፍ ታውቃለች። ዓይን ሳያስፈልጋት በቤቷ ውስጥ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። እኛ ሰጠናት ያልነው የእንጨት ፎቶ ነው፤ እሷ ደግሞ ፎቶ አታይም።

"ለምን አልነገርሽንም?" አላት ዳዊት።

"ብነግራችሁ ቤቴን ቆልፋችሁ ትወስዱኛላችኋ። ዓይኔን እግዚአብሔር ወሰደ፤ እሱን አልከሰስኩም። ወለሌን ግን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ።"

ተነስታ አልጋዋ ድረስ እንድወስዳት ፈቀደች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ በቃ። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሰው ጠርታ ተመርታ መሄድ ያዘች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በገዛ ቤቷ ለዚህ የማንም ሰው እርዳታ አያስፈልጋትም ነበር።

እኔና ዳዊት ግቢ ውስጥ ተጣላን። በሕይወቴ እንደዚያ ተጣልቼ አላውቅም። እሱ ሰኞ ይዣት አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ከእንግዲህ ብቻዋን ትኑር የሚል እብድ ነው አለ። እኔ ያንን አራተኛ ፎቅ ምን አድርጋ ልታውቀው ነው አልኩት። ንቀለው ያልሽው አንቺ ነሽ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለዚያም ነው የባሰ የጮህኩበት። ሦስት ዓመት በዓመት አንዴ እየመጣህ ስትስማት ዓይኗን አላየህም ወይ አልኩት። አንቺስ በሳምንት ሁለቴ እየመጣሽ አለኝ። እሱም ልክ ነው። ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ሁለታችንም የማንረባ ነበርን።

እሑድ ጠዋት ጀማል ቤት ሄድኩ። ነገሩን ስነግረው እጁ ላይ የነበረውን መላጊያ አስቀመጠ። ጣውላው የለም። ላይኛው ሰፈር ለሚሠራ ፎቅ ለሶሌታ መሙያ፣ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ከሥር እንዲይዘው፣ ሰጥቶታል፤ ለሕንፃ ሠሪዎች ደረቅ ዝግባ መቼም አይጠላም። አብረን ሄድን። ደረጃ የሌለው ፎቅ በመሰላል ወጣሁ። ቀና ብዬ ሳይ የአባቴ ወለል ከራሴ በላይ ነው፤ ሲሚንቶ ተሸክሞ፣ በምሰሶ ተደግፎ፣ ጫፍ ጫፉ በመጋዝ ተቆራርጦ። ናፍጣ ያስለመደው ወዝ አሁንም ያብለጨልጫል። ጉልበቴ የተላጠበት እንጨት ነው። አሠሪው ኮንክሪቱ ሳይጠነክር አንድ ጣውላ ከነቀላችሁ ጣሪያው ይወርዳል፣ በሦስት ሳምንት ኑ፣ ያኔ ግን ለማገዶ እንጂ ለሌላ አይሆንም አለን። ሰውየው ምንም አላጠፋም፣ እኔ ግን የምሰድበው ሰው ፈልጌ ስለነበር ሰደብኩት።

መሰላሉን ስወርድ ጀማል የቀረ ነገር አለ አለኝ። ቆርቆሮ የተመታበትን ጣውላ ሶሌታ ሠሪዎቹ ምስማር አለበት ብለው አልፈለጉትም፤ ከእሱ ጋር የተሰነጠቁና ያጠሩ ስምንት ጣውላዎች እሱ ቤት ጓሮ ተደግፈው ቀርተዋል። ዘጠኝ ጣውላ። ለአንድ ቤት የሚሆን አይደለም። ለአንድ ሰው መንገድ ግን ይሆናል፤ ይህን ያለው ጀማል ነው፣ እኔ በዚያ ሰዓት የማሰብ አቅም አልነበረኝም።

ከቀትር በኋላ ጣውላዎቹን፣ ከሥራቸው የሚነጠፍ ጥቂት ሞራሌና መጋዙን በጋሪ ጭኖ መጣ። ዳዊት በር ላይ ቆሞ ላሚኔቱን ትቆርጠዋለህ ብሎ ሊከለክለው ሞከረ። ጀማል በትህትና አልፎት ወደ እናቴ ሄደና በአልጋዋ አጠገብ ቁጢጥ አለ። እናቴ ከጀማል ጋር የምታወራው ግማሹን በኦሮምኛ ነው፤ ከአባቱ ጋርም እንደዚያው ነበር። ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ በአማርኛ፣ እኛም እንድንሰማ መሰለኝ፣ "እማማ፣ እኔ አላውቀውም፤ እርስዎ ይንገሩኝ። ቆርቆሮዋ የት ነበረች?" አላት።

ለአንድ ቀን ሙሉ ብቻዋን ያልተነሳችው ሴት ተነሳች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን አወረደች። ከአልጋዋ አራት እርምጃ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ትንሽ፣ ከበሩ ሰባት አለችው። ጀማል እየለካ ላሚኔቱን በጠመኔ አሰመረበት። ገና ሳምንት ያልሞላውን፣ እኔ በስልክ የመረጥኩትን ልሙጥ ነገር በመጋዝ መሃል ለመሃል ሰነጠቀው። ከሥሩ ሲሚንቶው እርጥብ ነበር። ዳዊት ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ቡፌውን ወደ ድሮ ቦታው ከመለስኩ በኋላ ቆሜ ጣውላ አቀብል ነበር። ሞራሌው ተቀመጠ፣ በላዩ ጣውላው ተመታ። ጀማል የጣውላውን ዳር በመላጊያ አለዘበው፤ ከላሚኔቱ ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲቀር ግን አደረገ፤ እግሯ እንዲያውቀው።

የመጨረሻው ምስማር ሲመታ እናቴን ላነሳት እጄን ዘረጋሁ። አልያዘችኝም። በባዶ እግሯ የመጀመሪያውን ጣውላ ረገጠች። ቆም ብላ "ይሄ የመስኮቱ ሥር ነበር፤ ግድ የለም፣ እማረዋለሁ" አለች። ከዚያ ሄደች። አራት እርምጃ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ የእግሯ ጣቶች ቆርቆሮዋን አገኟት። ቆመችባት። ወደ ጓዳ ታጠፈች፣ ተመለሰች፣ እስከ በሩ ሄደች፣ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘች፣ አደረገችና ወደ ግቢው ለብቻዋ ወጣች። ዳዊት ግቢው ውስጥ ቆሞ እያለቀሰ ነበር፤ ማልቀሱን አላየችውም፣ እሱም አልነገራትም።

ሰኞ ዳዊት ብቻውን ሄደ። በሳምንቱ እናቴን ሆስፒታል ወሰድኳት፤ የዓይን ሐኪሙ የተናገረው እኔ በየቀኑ ለሰው የምለውን ነው፣ ዘግይቷል። በጊዜው ቢያዝ ኖሮ ይቆይ ነበር። ይህን ስሰማ እናቴ ላይ የነበረኝ ንዴት ተመልሶ መጣብኝ። ሦስት ዓመት ዋሸችኝ። ጠብታው ከእጄ፣ ከመደርደሪያዬ ይወጣ ነበር። ቤቷን ላለማጣት ብላ ዓይኗን አጣች፤ እንዲህ ያስመረጣት ግን እኛው ነን። አሥር ጊዜ "ብቻሽን መኖር አትችዪም" ስንላት የኖርነው እኛ ነን። ታዲያ ምን ብላ ትንገረን? ይኼ ንዴት አሁንም አልበረደልኝም፣ እንዲበርድም አልፈልግም።

አንባቢዎቼ፣ ላሚኔት አታንጥፉ አላልኳችሁም። እኔ ራሴ ቤት አለ፣ ያምራል፣ ለመጥረግ ይቀላል። የምላችሁ ሌላ ነው። እናታችሁ ቤት አንድ ነገር ከመንቀላችሁ በፊት ጫማችሁን አውልቁ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ከአልጋዋ እስከ በሩ ሂዱ። እሷ ምን ላይ ተደግፋ እንደምትኖር ያን ጊዜ ይገባችኋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእኛ ነው፤ እኔ ወርቁን ናፍጣ ይሸታል ብዬ ነው የጣልኩት። ለአረጋዊ የሚሆን የዓይን ጠብታ ሊገዛ የሚመጣውን ሁሉ አሁን እጠይቀዋለሁ፤ ዓይናቸውን መቼ አየሃቸው እለዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣኛል። ይቆጣ።

ላሚኔቱ ዓመት ሳይሞላው ከተቆረጠበት ዳር ዳር አብጦ ተነሳ። በመሃሉ የአባቴ ዘጠኝ ጣውላዎች እንደተኙ አሉ። ሰው ሲገባ ምን ዓይነት ወለል ነው ብሎ ይገረማል፤ አንዳንዱም ይስቃል። ቅዳሜ ጠዋት ናፍጣና ጨርቅ ይዤ እሄዳለሁ፣ ከእናቴ ጎን ተንበርክኬ ዘጠኙን አሻለሁ። ሰኞ መድኃኒት ቤት ስገባ እጄ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

አንድ ቀን ተኝታ ከሆነ እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ላሚኔቱን ረግጬ በቀስታ ገባሁ። ነቅታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ድንገት እጄ ትከሻዋን ሲነካ እንዴት እንደደነገጠች አልረሳውም፤ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ በገዛ ልጇ ፊት፣ ሊመቷት እንደሆነ ሴት ተኮማተረች። ከዚያ ወዲህ በር ስከፍት ጫማዬን አወልቄ ጣውላው ላይ እወጣለሁ። ሦስተኛው ጣውላ ሁልጊዜ ያቃስታል፤ እዚያ ላይ ስደርስ ሆን ብዬ ጫን አድርጌ እረግጠዋለሁ።

"ጽጌ ነሽ?" ትላለች።

ዳዊት ለፋሲካ ሲመጣ ግን አሁንም በላሚኔቱ በኩል ነው የሚገባው። ነግሬዋለሁ፣ ይረሳዋል። በር ተከፍቶ ምንም ካልተሰማ እናቴ ጆሮዋን ታቀናና ትንሽ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ልጄ ዳዊት መጣ መሰለኝ" ትለኛለች።